ለማንኛውም የተጨመረችው ዓመት

«ሲስተሯ በማይክራፎን ታስተምራለች፣ ወንድሟ በጋሪ ይመጣል!» አለች ከአጥሩ ወዲያ ልብስ የምታጥበው ሴት፤ ሌላዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት የያዘችውን ባልዲ መሬት አስቀመጠችው። እመቤት ይህን የሰማችው ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ ባለችበት ነው። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ መልስ ልትሰጥ አሰበችና ተወችው። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ገና ፀሐይ ሳትሞቅ፣ የንፋስ መውጫ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት፣ አንድ ጋሪ ገፊ የግቢውን የቆርቆሮ በር በእግሩ እየመታ «የማን ነው ይሄ? ተረከቡኝ!» ብሎ ግቢውን ቀስቅሷል። ጋሪው ላይ እግሮቹን አንጠልጥሎ የተኛው ታናሽ ወንድሟ ላቀው ነበር። ይባስ ብሎ የለበሰው ካናቴራ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ዘመቻ የተረፈ፣ እሷው ራሷ አምጥታ የሰጠችው ነው። ደረቱ ላይ በትልልቁ «አልኮል ዕድሜ ያሳጥራል» ይላል። ጽሑፉ ላይ ትውከት ደርቆበታል፤ ቢሆንም ማንም አንብቦ ሊስቅበት ይችላል፣ አንብቦም ስቆበታል።

ቤታቸው በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ክፍል ናት። ኪራይዋ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው፤ አከራያቸው በየዓመቱ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ከአበባው ጋር ጭማሪውንም ይዘው ብቅ ይላሉ። ከመጋረጃው ወዲህ የእመቤት አልጋ፣ የስብሰባ ወረቀቶቿና ሁለት ወንበር፣ ከመጋረጃው ወዲያ የላቀው ፍራሽ አለ። ጋሪ ገፊው እግሩን ይዞላት ፍራሹ ላይ ጣሉት። ጫማውን አወለቀችለት፣ ራሱን በጎን አስተኛችው፣ ከኪሱ፣ ማታ ግቢው ውስጥ አቁሞት የሄደውን የሥራ ባጃጁን ቁልፍ አወጣችና ከሲማዳ የተላከው የበሶ ዱቄት ያለበት ጣሳ ውስጥ እስከ ታች ድረስ ቀበረችው። ቁልፉ እጁ ከገባ ነቅቶ፣ ገና ስካሩ ሳይለቀው፣ እንደሚነዳ ታውቃለች። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ነፍሰ ጡር ከነጓዟ አሳፍሮ ቁልቁለቱ ላይ ገልብጧታል። ሴትዮዋም ፅንሷም ተረፉ፣ የተሰበረው መስታወቱ ብቻ ነው። የባጃጁ ባለቤት ሀብቴ መስታወት አስቀየረና ነገሩ አለፈ፤ ለእመቤት ግን አላለፈም። ከዚያ ቀን ወዲህ በመንገድ ላይ ሰው ተሰብስቦ ባየች ቁጥር ተጋፍታ ገብታ የወደቀው ማን እንደሆነ ታያለች።

«የት ነው የጠጣኸው?» አለችው።

«አስካለ ቤት» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

የመጀመሪያ ሰሞን ትጮህ ነበር፣ እሱም ይምል ነበር። አሁን እሷም መጮኹን፣ እሱም መማሉን ትተውታል፤ አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ዝም ሲባባል ክፍሏ የበለጠ ትጠብባለች። ቢሆንም ዛሬ ጥሩ ቀን ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ አለ። ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው የሚለው ሕግ በከተማው እንዴት ይከበር የሚለው ይመከርበታል፤ ለልጅ የሚሸጡ ቤቶችም በስማቸው ይጠራሉ ተብሏል። ላቀው አስራ ሰባት ዓመቱ ነው። የአስካለን ቤት ስም ትጠራለች፣ ቤቱ ይታሸጋል ወይም ይቀጣል፣ ሌሎቹም ይፈራሉ፣ ልጁም የሚቀዳለት ያጣል። ነገሩ በሐሳቧ እንዲህ ቀላል ነበር።

ከመውጣቷ በፊት ሲማዳ፣ ወገዳ አጠገብ ወዳሉት አባቷ፣ ወደ አቶ ይስማው፣ ደወለች። አባቷ ስልክ ሲያነሱ ከጋራ ወደ ጋራ እንደሚጣራ ሰው ነው የሚያወሩት። ላቀው በጋሪ መምጣቱን ስትነግራቸው «ጎረምሳ አይደል፣ ይወጣለታል» አሉ። ስብሰባ ላይ ልትናገር መሆኑን ስትነግራቸው ግን ድምፃቸው ተለወጠ።

«ሰውን ክሰሺ፤ የዕድሜውን ነገር ግን እንዳታነሺ። አደራሽን! የክርስትና አባቱ በወንጌል ምሏል።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይሄኛው ውሸት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እያደር ይከብዳት ነበር። ትምህርት በተቋረጠበት በዚያ ዓመት፣ በሁለት ሺህ አስራ አምስት፣ ላቀው አስራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሚሊኒየሙ በገባ ሰሞን የተወለደ ልጅ ስለሆነ ዕድሜውን ለመቁጠር ጣት እንኳ አያስፈልግም። እቤት ተቀምጦ ከሚባልግ ባጃጅ ይንዳ ተባለ፤ መንጃ ፈቃድ ግን አስራ ስምንት ዓመት ይጠይቃል። አባቷ ሦስት ምስክር ይዘው ቀበሌ ሄዱ። አንዱ በአርባ ቀኑ አቅፎ ያስጠመቀው የክርስትና አባቱ ነበር። አባቷ «አስራ ስምንት በሉት» አሉ። ያኔ ከከተማ የመጣችው፣ ወረቀት የምታውቀው፣ የተማረችው እመቤት ጣልቃ ገባች። «ልክ አስራ ስምንት ከተባለ ይጠረጠራል፣ ለማንኛውም አንድ ይጨመርበት» አለች። አባቷ ገብስ ሲሸጡ ቁናው ከሞላ በኋላ በእፍኛቸው የምርቃት ጣል እንደሚያደርጉት፣ እሷም አንዲት ዓመት ጣል አደረገች። ጸሐፊውም ሳያቅማማ የልደት ዘመኑን «1996» ብሎ ጻፈ። መታወቂያው እንግዲህ ይሄ ነው። እመቤት ግን ማንም መታወቂያ አያነሳም፣ ልጁን ያየ ሁሉ ልጅ መሆኑን ያውቃል ብላ ወጣች።

መንገዱ ላይ የገበያ ቀን ሆኖ ሰውና አህያ ተቀላቅሏል። በየግድግዳው እሷና ባልደረቦቿ የለጠፉት ማስታወቂያ አለ። ከላይ «መጠጥ ጉበትን ይጎዳል» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ አንድ ትልቅ ጉበት በቀለም ታትሟል። ማስታወቂያው የተሠራው ሩቅ ነው፤ የሠራው ሰው እዚህ አገር ጉበት ሲታይ ምን እንደሚታሰብ አልጠየቀም። ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ ሁለት ቅጂ ለምኖ ወስዶ ከሚዛኑ በላይ ሰቅሎታል፤ ገበያተኛው እያየ «ዛሬ ጉበት አለ ማለት ነው?» ብሎ ይገባል። ጉበቱ ደግሞ ያለ አረቄ አይበላም። እመቤት ይህን በሪፖርቷ ላይ ጽፋ ነበር፤ መልስ ሆኖ የመጣላት ሌላ ሃምሳ ቅጂ ነው። ከገበያው ማዶ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ በቀጭን እንጨት ላይ የተሰቀለ ሰማያዊ ጣሳ ይታያል። የአስካለ ቤት ምልክት እሱ ነው። ዓይኗን ከጣሳው ላይ ሳትነቅል አለፈች።

አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ለፊት የስብሰባው ሰብሳቢ አቶ ፈንታው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ውሃ፣ የውሸት አበባና አንድ ጊዜ የሚጮህ አንድ ጊዜ የሚያንሾካሽክ ማይክራፎን። የጠላ ቤት፣ የአረቄ ቤትና የግሮሰሪ ባለቤቶች የክብር እንግዳ ይመስል የመጀመሪያውን ረድፍ ይዘዋል። አስካለ መሐል ላይ ናት። ሃምሳ ያለፋት፣ ነጠላዋ የጸዳ፣ ዝምታ የሚያምርባት ሴት ናት። አረቄ ትሸጣለች እንጂ ስትጠጣ ያያት የለም።

ክርክሩን የጀመረው የሥነ ዜጋ መምህሩ ሙሉዓለም ነው። ሰውየው ማይክራፎን ሲይዝ ሰው ሁሉ ተማሪው ይመስለዋል። «በአስራ ስምንት ዓመቱ ይመርጣል፣ በአስራ ስምንት ያገባል፣ ውትድርና ይገባል። ሚስት ማስተዳደር የሚችል ሰው አንድ ቢራ ማስተዳደር አይችልም ነው የምንለው?» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። ቄስ በላይነህ ተነስተው የማኅበር ጽዋ ሲዞር ለሕፃንም ከንፈሩን ማስነካት ከአባቶች የወረሱት መሆኑን፣ ይሄም ያስቀጣ እንደሆነ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ከልብ ነበር፤ የሚመልስላቸው ግን አልተገኘም። አንድ ገበሬ ከኋላ ሆኖ «ለደቦ የመጣ ጎረምሳ ውሃ ጠጥቶ አያጭድልኝም» አለ። ሌላው ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት የሚባለው ከየትኛው ተነስቶ ነው የሚቆጠረው፣ እኛ ልጆቻችንን የምናውቀው በተወለዱበት ክረምት ነው አለ። ሰው ሁሉ ሕጉን እንደ ቀልድ እያነሳ ጣለው። እመቤት ወረቀት ላይ ያዘጋጀችውን አነበበች፤ የጉበቱን፣ የአደጋውን፣ የጎረምሳ አእምሮ ገና አለመጠንከሩን። የሚያዳምጣት አልነበረም። ሲስተር ናትና ይህን ማለት ሥራዋ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ንግግር ማንንም አያስደነግጥም። ወረቀቷን አጠፈችው።

«ከንግግሬ ይልቅ የቤቴን ላውራችሁ» አለች። ማይክራፎኑ እንደ ዕድል ሆኖ የሚጮህበት ተራው ነበር። «ዛሬ ጠዋት ወንድሜ በጋሪ መጣልኝ። ወንድሜ ልጅ ነው። የቀዳችለት ወይዘሮ አስካለ ናት። እዚሁ ፊት ተቀምጣለች።»

እመቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሲያዳምጣት ተሰማት፤ ደስም አላት። አስካለ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። አልተቆጣችም።

«ልክ ናት፣ ቀድቼለታለሁ» አለች። «ባለፈው ወር እዚሁ አዳራሽ ሥልጠና ተሰጥቶናል። መታወቂያ ሳታዩ አትሽጡ ተባልን። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ልጄ በስልክ ፎቶ እያነሳች ታስቀምጥልኛለች። ያውላችሁ፣ ተመልከቱት።»

ስልኩን ለአቶ ፈንታው ሰጠች። እሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው፣ ስክሪኑን አርቀው አቅርበው ተመለከቱ። «ላቀው ይስማው» ብለው አነበቡ። ትንሽ በጣታቸው ቆጠሩ። «የልደት ዘመን ዘጠና ስድስት። እንግዲህ በሁለት ሺህ አስራ ሰባት ሃያ አንድ ሞልቶታል ማለት ነው።» ከመነጽራቸው በላይ እመቤትን አዩዋት። «ሲስተር፣ ወንድምሽ ዕድሜው ስንት ነው?»

እመቤት አፏን ከፈተች። አስራ ሰባት የምትለው ቃል ምላሷ ላይ ነበረች። ከቃሏ ጀርባ ግን በወንጌል የማለው የክርስትና አባት ቆሟል፣ ከእሱ ኋላ አባቷ፣ ከአባቷ ኋላ የቀሩት ሁለት ምስክሮች፣ ከሁሉም ኋላ «ለማንኛውም አንድ ይጨመርበት» ያለችው እሷ ራሷ። አስራ ስምንት ብቻ ብለው አስጽፈውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በወረቀቱ ሃያ ይሆን ነበር፤ ሕጉም ይይዘው ነበር። ማንም ያልጠየቃት፣ ከጥንቃቄ ብዛት ጣል ያደረገቻት ያች አንዲት ዓመት ናት ወንድሟን ከሕጉ ያወጣችው። ሐሰተኛ ማስረጃ ያሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። አባቷን በስተርጅናቸው ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ቆመው በሐሳቧ አየቻቸው። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈ። አስካለ እንደቆመች ነበር፤ ዓይኗን ከእመቤት ላይ አልነቀለችም፣ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው።

«ሃያ አንድ ነው» አለች እመቤት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «እና ምን አድርጊ ነው የምትያት?» አለ አንዱ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!» አለች ሌላዋ። መምህሩ ሙሉዓለም ሃያ አንድ የሞላው ዜጋ መብቱ መሆኑን ለማስረዳት እጁን አወጣ፤ ማንም ሳይፈቅድለት አስረዳ። አቶ ፈንታው ወይዘሮ አስካለ ሕግ በማክበር ምሳሌ መሆኗ በቃለ ጉባኤ ይያዝ አሉ። ተያዘ። ተጨበጨበ። አስካለ ግን ሳትስቅ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

እመቤት በስብሰባው ማብቂያ የሚታደለውን ለስላሳ ሳትወስድ ወጣች። በገበያው መሐል ስታልፍ ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት፤ የሚያያት ግን አልነበረም፣ ሰዉ የሽንኩርት ዋጋ ላይ ነበር። ግቢ ስትደርስ ካናቴራው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ላቀው ፀጉሩ እንደረጠበ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ፊቱን ሲታጠብ የበለጠ ልጅ ይመስላል፤ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ያለችው ጥቁረት ጢም ትሁን እድፍ ገና አልለየላትም። ሮጣ ልታቅፈው፣ ወይም በጥፊ ልታጮለው ፈለገች፤ የትኛው እንደሚቀድም ለራሷም አልታወቃትም።

«ባጃጅ ተራ ሁሉ ሰምቷል» አለ ቀና ሳይል።

«ምኑን?»

«ሃያ አንድ ማለትሽን።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረበትም። ተነስቶ መዳፉን ዘረጋላት። «ቁልፌን አምጪ።»

«አልሰጥህም። ገና አልበረደልህም።»

«በስንት ዓመቴ ነው ቁልፍ የምትደብቂብኝ?»

ከአጥሩ ወዲያ የልብስ ማጠቡ ድምፅ ቆሟል፤ ጎረቤት ጆሮውን ጥሏል። በመቶ ሰው ፊት ትልቅ ሰው ነው ያለችውን፣ ቤቷ ገብታ ልጅ ነህ ልትለው አፏ እምቢ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ገብታ እጇን እስከ ክንዷ የበሶው ጣሳ ውስጥ ከተተች። ቁልፉን ስትሰጠው የሁለቱም እጅ በሶ ሆነ፤ እሱ ሱሪው ላይ ጠረገው። ባጃጁ ከበሩ ወጥቶ ኮረኮንቹ ላይ ሲንቀጫቀጭ ቆማ አዳመጠች። መታጠፊያው ላይ ወደ ግራ ካለ ሀብቴ ጋ ነው፣ ወደ ቀኝ ካለ መናኸሪያ ነው። ወደ ቀኝ ታጠፈ። ድምፁ ብዙም ሳይርቅ ጠፋ።

ያኔ ነው የሮጠችው። ነጠላዋን አልያዘችም፤ የግቢውን በር እንኳ አልዘጋችም። የአስካለ ቤት ደጃፍ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆርጧል። ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ዙሪያውን መደብ ያለበት ነው። ከጠርሙሶቹ በላይ እሷው ባለፈው ወር በገዛ እጇ የለጠፈችው ወረቀት አለ፤ «ከ21 ዓመት በታች አንሸጥም»። ከወረቀቱ ሥር ላቀው ተቀምጧል። ከፊቱ ባዶ መለኪያ፣ አጠገቡ አስካለ ጠርሙስ እንደያዘች ቆማለች።

«እትዬ አስካለ፣ አይቅዱለት» አለች እመቤት። «አስራ ሰባት ዓመቱ ነው።»

ከጥግ አንዱ «ጠዋት ሃያ አንድ፣ ከሰዓት አስራ ሰባት! በዚህ አያያዙ ለማታ ጡት ሊጠባ ነው» አለ፤ ቤቱ ተንጫጫ። ላቀው ጆሮው ድረስ ቀላ።

አስካለ አልሳቀችም። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ልጅ መሆኑ የጠፋኝ መሰለሽ?» አለች። «ሦስት ወልጄ አሳድጌያለሁ። መጀመሪያ የመጣ ቀን ሂድ፣ ትምህርትህን ተማር ብዬ መልሼዋለሁ። በነጋታው መታወቂያ ይዞ መጣ። ፊት አይታችሁ አትመኑ፣ ወረቀት እመኑ ያልሽን አንቺ ነሽ። ከፊቱና ከወረቀቱ የቱን ልመን? ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ስነሳ፣ በአፏ አስራ ሰባት ትለኛለች፣ እኔም ያን ይዤ በሬን እዘጋበታለሁ ብዬ ነበር። ቆሜ ጠብቄሻለሁ። አየሁሽ፤ ቃሉ ከንፈርሽ ላይ ነበር።»

«አሁን ነገርኩዎት እኮ!»

«አሁንማ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ቃለ ጉባኤም ተይዟል።» አስካለ ጠርሙሱን መልሳ አነሳች። ድምፏ ውስጥ ብስጭት እንጂ ክፋት አልነበረም። «ወረቀት አምጪ።»

እመቤት ወረቀቱ የት እንዳለ ታውቃለች። ወገዳ ነው። የሚያስተካክለው አባቷና ሦስቱ ምስክሮች ተመልሰው ያኔ የማሉትን ሐሰት ነበር ብለው ሲምሉ ነው። ወንድሟን አየችው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሕፃን ሳለ ከብት ጠፍቶበት ሲመጣ ያያት እንደነበረው፣ አድኚኝ በሚል ዓይን አያት፤ ወይም እንዲያ መሰላት። ጥግ ያለው ሰውዬ ግን ገና ይስቅ ነበር። ላቀው ዓይኑን ሰበረና መለኪያውን ወደ አስካለ ገፋ አደረገው።

አስካለ ቀዳችለት። ላቀው መለኪያውን አነሳ፣ እንደ ትልቅ ሰው ዙሪያውን ለተቀመጡት በአክብሮት ጎንበስ አለና «ለጤናችን» አለ።